ጥፋቱን ለእኛ ስጪን

ልጅ የለኝም። ስለዚህ ስለ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያለኝ አስተያየት ሁልጊዜ የተሟላ ነበር። ልጅ ያላቸው ሰዎች ሐሳባቸውን በየሴሚስተሩ ይቀያይራሉ፤ እኔን ግን የሚያዘናጋኝ ነገር አልነበረም።

አስተያየቴን የማሰማው ኦሮራ ውስጥ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ የመርካቶ ሰው ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «ሐጂ» ነው የሚላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በርበሬና ሽሮ ገዢው ሲቀንስ ፍሪጁን ተደግፈን እንቆማለን። ዋናው ተከራካሪዬ የታክሲ ሹፌር ጓደኛዬ ነው። ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል አዲስ ሰፈር ቤት ከገዛ ወዲህ ስለ ኦሮራ ሲያወራ ድምፁ ለቅሶ የደረሰ ሰው ድምፅ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ አገሩ በሙሉ የሚጨቃጨቀው በአንድ ጥያቄ ነበር፦ ትምህርት ቤቱን ማን ገደለው? ራዲዮ ስትከፍት አስተማሪዎቹ ናቸው ይልሃል። አስተማሪዎቹ ፈተናው ነው ይላሉ። ፈተናውን ያመጡት ፖለቲከኞች የመምህራን ማኅበሩ ነው ይላሉ፤ ማኅበሩ በጀቱ ነው ይላል፤ በጀቱ አፍ ስለሌለው ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወላጅ ላይ ያርፋል፤ ወላጅ ደግሞ ሥራ ላይ ስለሆነ ክርክሩን አይሰማም።

ጓደኛዬ አጭር መልስ ነበረው። «የጠፋው አለንጋ ነው። እኛ እንዴት ነው የተማርነው?»

«አንተ ተምረሃል?»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ!»

«መጨረስህን መቼ ጠየቅኩህ?»

ሐጂ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ሁለታችንንም ያዩናል። «እናንተን ሳይ አለንጋውም ብዙ የሠራ አይመስለኝም» ይላሉ።

የእኔ አቋም ቀላል ነበር፤ ማንም ያልቆመበትን ቦታ ፈልጌ እቆማለሁ። ሰው ሁሉ አስተማሪን ሲወቅስ ለአስተማሪ እሟገታለሁ፤ ለአስተማሪ ሲያለቅስ ደግሞ ወደ ሌላው እገለበጣለሁ። አንድ ቅዳሜ «ትምህርት ቤቶቹ አልወደቁም፤ የተሠሩለትን ሥራ ነው የሚሠሩት» ብዬ ሱቁን በሙሉ አሳበድኩት። ምን ማለቴ እንደነበር ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ሲሰማ ግን ያምር ነበር።

ጨዋታው ያበቃው እህቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሱቁ የገባች ዕለት ነው። እንግልውድ ውስጥ አረጋውያንን ትንከባከባለች፤ ቅዳሜ ተኝታ ነው የምታሳልፈው፤ ስለዚህ ቆማ ሳያት ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ የልጄ መምህርት ልትሄድ ነው።»

ልጇ የምትማረው ሱቁ አካባቢ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ «ከወደቁት» አንዱ። ያለፈው ዓመት የሒሳብ መምህሮቿ አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲመጣ ነው ያለቀው፤ በመሀል የሚላኩት ተተኪዎች ፊልም ከፍተው ይቀመጣሉ። ልጅቷ አልጀብራ በሚባል ክፍለ ጊዜ ስለ ሻርክ ብዙ ተማረች። ዘንድሮ ግን አንዲት መምህርት መጣች፤ ሒሳብ ሲነሳ ሆዷን ያማት የነበረችው ልጅም የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት በማርከር በቀመር ሞላችው። እህቴ በመስታወቱ ምክንያት ስትጮህ ከረመች፤ አልወለወለችውም ግን። አሁን ያቺ መምህርት ለፈረንጅ ገና ትምህርት ሲዘጋ እንደምትለቅ ለክፍሉ ነግራለች።

«እኔ ሌላ አልፈልግም» አለች እህቴ። «ዓመቱ እስኪያልቅ ብቻ ትቆይልኝ። ልጄ ያንን ሻርክ ደግማ አታየውም።»

«እኔ እኮ ወደ እኛ ሰፈር ኑ ብያችኋለሁ» አለ ጓደኛዬ።

«ቤቱን ትገዛልኛለህ?»

ጓደኛዬ ወደ ፍሪጁ ዞረ። ሐጂ ሚዛኑ ላይ የነበረውን ኮረሪማ ትተው «ሽማግሌ ልካችሁባታል?» ሲሉ ጠየቁ።

ሳቅኩ። «ሐጂ፣ እዚህ አገር ሰው ሥራ ሲለቅ ኬክ ይቆረስለታል እንጂ ሽማግሌ አይላክበትም።»

«ለዛ ነዋ ሁሉም የሚሄደው» አሉ። «ሚስት አኩርፋ ስትወጣ ይላክ የለ? ባል ሲኮበልል ይላክ የለ? የመምህርት በምን ይለያል?»

እህቴ እኔን ታየኝ ጀመር። ምን ልትል እንደሆነ ገባኝ። «እንግሊዝኛው ያንተ ነው፣ ጋሼ። አፍህ እስቲ ለአንድ ቀን እንኳን ይጥቀመን።»

በሳምንቱ፣ ከትምህርት በኋላ፣ ሦስት ሆነን ሄድን። ሐጂ የክት ሱፋቸውን ከነሰደርያው ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታሉ። ጓደኛዬ የቤተ ክርስቲያን ሱፉን ለብሶ ታክሲውን ማቆም የተከለከለበት ቦታ ፓርክ አደረገና «ለሽምግልና ነው የመጣሁት» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አላውቅም። የትምህርት ቤቱ ቢሮ ደረታችን ላይ የእንግዳ ስቲከር ለጠፈብን።

መምህርቷ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ቀጭን ሴት ናት። ሦስት ጥቁር ሱፍ በሯ ላይ ስታይ ፊቷ ተቀየረ። ወንበር አሳየችን። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ስለዚህ ግድግዳውን ይዘን ተደርድረን ቆምን። እሷ ደግሞ ያለፈው ፈተና ውጤት የመጨረሻው እንዳልሆነ፣ የዕለቱ ትምህርት ዓላማም ሰሌዳው ላይ መጻፉን በፍጥነት ታብራራ ጀመር።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚያ ሕንጻ ሱፍ ለብሶ የሚመጣ፣ ተቀመጥ ሲባል እምቢ የሚልና ግድግዳ ስር የሚቆም ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ከትምህርት ዲስትሪክቱ የሚላክ ገምጋሚ።

«ምን እያለች ነው?» አሉ ሐጂ።

«ጥፋት የለብኝም እያለች ነው።»

«ማን አለብሽ አላት?»

ከዲስትሪክቱ እንዳልሆንን ነገርኳት። ወላጆች ናችሁ ወይ አለችኝ። እሱም ቢሆን በትክክል አይደለም፤ እኔ አጎት ነኝ፣ የዚህኛው ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት ናቸው፣ እሳቸው ባለ ሱቅ ናቸው። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ስልክ ሄደ።

«ዝም ብለህ ጠይቃት» አሉ ሐጂ። «ምን በደልንሽ? በላት።»

ተረጎምኩ። መምህርቷ ተጠንቅቃ መለሰች፤ ወላጆችን ከሚወቅሱት ሰዎች ወገን እንዳልሆነች፣ ቤተሰቦቻችን ጠንክረው እንደሚሠሩ፣ እኛን የምትከስበት ምንም ነገር እንደሌለ። ቆንጆ መልስ ነበር። ሐጂን ግን አሳሰባቸው።

«ይሄማ አስቸጋሪ ነው» አሉኝ። «በዳይ ከሌለ በምን እናስታርቃለን? ፈልጊ በላት። ጥፋቱን ለእኛ ስጪን በላት።»

እንዳለ አስተላለፍኩ። መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ ከዚያ ጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እዚህ ሕንጻ ውስጥ» አለች፣ «ጥፋት ፈልጎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ነገረችን። በመከር የወላጆች ምሽት ነበር። ወንበሮቹን በክብ ደርድራ፣ ኩኪስ ገዝታ ጠበቀች። አንዲት እናት መጡ። ቀጥሎ አንድ ሰው ብቅ ሲል ደስ አላት፤ እሱ ግን የስፖርት አዳራሹ ጠፍቶበት ነው። ኩኪሱን ከጽዳት ሠራተኛው ጋር ጨረሰችው።

ጓደኛዬ በአማርኛ ጀመረ፦ «እንዴ፣ በዛ ሰዓት እኮ የኤርፖርት ሥራ —»

«ዝም በል!» አሉ ሐጂ። ፊታቸው በራ። «አገኘን።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አጥፍተናል በላት።»

ስንት ዓመት ከማንም ጎን ሳልሰለፍ የኖርኩ ሰው፣ ያውም ልጅ የሌለኝ፣ በእንግሊዝኛ «አጥፍተናል» አልኩ።

እሷ ግን የምትሄደው በዚህ ብቻ አለመሆኑን ተናገረች። ርእሰ መምህሩ አለ፤ ፈተናው አለ፤ ወረቀት ስታባዛ የሚቆመው ማሽን አለ፤ ደክሟታል። ሐጂ ተርጉሜ እስክጨርስላቸው ጠበቁ። «እነሱ የራሳቸውን ሽማግሌ ይላኩ። እኛ የራሳችንን ድርሻ ነው የምንወስደው። ዓመቱ እስኪያልቅ ትቆይልን።»

አስብበታለሁ አለች። እኛም መቆማችንን ቀጠልን። ግራ ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸው ሐጂ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ክብደታቸውን ያዛውራሉ። እባክዎ ይቀመጡ ትላለች፤ እሳቸው «እሺ በይና» ይላሉ።

«ይሄ ማስገደድ አይደለም?» አለችኝ።

«ነው» አልኳት። «የሚሠራውም ለዚህ ነው።»

በዚህ መሀል የእህቴ ልጅ በበሩ አንገቷን አስገባች። «ኦ ማይ ጋድ፣ አንክል፣ ዋይ አር ዩ ጋይስ ስታንዲንግ?»

«የአንቺ ናቸው?» አለቻት መምህርቷ።

ልጅቷ አየችን፤ ሱፎቹን፣ ስቲከሮቹን፣ ባርኔጣውን። በአሥራ ስድስት ዓመቴ እኔ ብሆን እክድ ነበር። «ዬስ» አለች። «ኦል ኦፍ ዜም።»

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢቆም አልሰማም። አሁን ይቀመጡ!» አንድ ነገር ግን ጨመረች፤ በየካቲት ሌላ የወላጆች ምሽት አለ፤ ወንበሮቹን ሞልተው ማየት ትፈልጋለች።

«ካሳ ነው» አሉ ሐጂ። «ልክ ናት።» አሉና ከጠረጴዛ ጋር በተያያዘችው የተማሪ ወንበር ውስጥ ተቀመጡ። እዚያ ውስጥ መግባቱ እንጂ መውጣቱ ቀላል አልነበረም፤ እኔና ጓደኛዬ ከሁለት ወገን ጎትተን ነው ያወጣናቸው።

የካቲት እስኪደርስ ሐጂ ስለ ወላጆች ምሽቱ ሳይነግሩ ለማንም በርበሬ አልሸጡም። ቀኑ ደረሰ። በሰዓቱ የተገኘነው እኔና እህቴ ነን። መምህርቷ ባዶዎቹን ወንበሮች ታያለች፤ እህቴ መምህርቷን ታያለች። ሐበሻ አይመጣም ብዬ በሱቁ ተወራርጄ ነበር፤ ማሸነፌን እያየሁ ግን ወንበሮቹን ቀና አደርግ ጀመር፣ ምን እንደምሠራ ስላጣሁ።

ሰዓት ሙሉ ዘግይተው፣ ሐጂና የሱቁ ደንበኞች ሁሉም አንድ ላይ፣ ሠርግ እንደሚገባ ገቡ። ሳምቡሳ በትሪ ይዘዋል። ክፍሏ ውስጥ ልጅ ያለውም የሌለውም፣ ልጁ ድሮ የተመረቀውም መጣ። ርእሰ መምህሩ ሰላማዊ ሰልፍ መስሎት ከፎቅ ወረደ። ጓደኛዬ የመምህርቷን እጅ ጨብጦ ስለ አለንጋ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረገላት።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«በጣም ያመሰግንሻል» አልኳት።

ቃሏን ጠበቀች፤ ዓመቱ አለቀ፤ እንዳለችውም ሄደች። ልጅቷ አልጀብራን አለፈች። ትምህርት ቤቱ ግን ዘንድሮም ወድቋል ተባለ፤ ራዲዮውም ማን እንደጣለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይከራከር ጀመር። እህቴ መስታወቱን እስካሁን አልወለወለችውም። ፀጉሯን የምታበጥረው በሁለት ቀመር መሀል ነው።

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሱቅ ስገባ ሐጂ ኮረሪማ ይመዝናሉ።

«አዲስ የሒሳብ መምህርት መጣች አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ መጥታለች።»

«ሱፉን ላውንድሪ ልስጠው፣» አሉ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሱ፣ «ወይስ እስክታኮርፍ እንጠብቅ?»