ኦቦ ጨመዳ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ

ጉቴ ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ቀድመው የሚጠሩት ኦቦ ጨመዳ ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች እንደማይዛመዱ እስኪታወቅ ከራስ ጀምሮ አባት ለአባት ሰባት ቤት ይቆጠራል። እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ቀርቶ የሰውን የዘር ሐረግ ጭምር እንደ ውሃ ያንቆረቁሩታል። አንዴ የሰሙት ስም አይጠፋቸውም።

ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ግን ነገር ተለወጠ። ሰኞና ሐሙስ በሚኒባስ ነቀምቴ እየሄዱ ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ድካሙን ለመዱት። ያልለመዱት የጭንቅላታቸውን ጭጋግ ነው፤ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ይተናል። ባለፈው ጥር ዘመድ ቤት የራሳቸውን ሐረግ ሲቆጥሩ አምስተኛው አባት ላይ ቀጥ አሉ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ቆጠራውን የጨረሰላቸው የወንድማቸው ልጅ አበጋዝ ነው።

አሁን የገዛ ልጃቸው ሜቲ ተጠየቀች። ገመቺስ የሚባል የኡኬ መንደር ልጅ ነው የፈለጋት፤ ሽማግሌ የሚላክበትም ቀን ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ።

«አጎቴ» አለ አበጋዝ አንገቱን ደፍቶ፤ «ሕመሙም አለብዎት። እኔ ብቆጥርስ?»

ኦቦ ጨመዳ ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። ልጁን ሲድር አባቶቹን መጥራት ያቃተው ሰው፣ ማሽኑ በሕይወት ያቆየው ለምኑ ነው? ይህን ለባለቤታቸው ለድርቤ እንኳ አልነገሩም።

በማግሥቱ እጥበት ነበራቸው። ተራቸውን እየጠበቁ ከኪሳቸው ኪኒን አወጡና በጉንጭ ውሃ ዋጡ። ነርሷ ሲስተር ሸዋረገድ አየቻቸው።

«ምንድን ነው የዋጡት ኦቦ?»

«ቫይታሚን ነዋ! ራሳችሁ የሰጣችሁኝ።»

«አሁን? ከእጥበት በፊት?»

«ታዲያስ! ከማሽን ጋር ለመታገል በባዶ ሆድ ይመጣል እንዴ? ሰው እርሻ ሲወርድ እንኳ ቀምሶ ነው።»

«በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀን ምን ትግል አለብኝና ልዋጥ?»

ሸዋረገድ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በሞቴ ኦቦ! ይኼ ቫይታሚን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው። ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያወጣ እሱንም ጠርጎ ይወስደዋል። በየቀኑ ነው የሚዋጠው፤ በእጥበት ቀን ደግሞ ከእጥበቱ በኋላ።»

ኦቦ ጨመዳ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት። «እንግዲያ እስከ ዛሬ ስቀልብ የኖርኩት ይኼን ኖሯል! ለዚህ ነው እኔ ስከሳ እሱ የሚያብረቀርቀው!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ሳቁ ሲበርድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ስም ይጠፋኛል» አሏት። ለሰው ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ነበር።

ለሐኪሙ ነገረችላቸው። ደማቸው ሲመረመር ቢ-12ም ፎሊክ አሲድም አንሶ ተገኘ። ሐኪሙ መርፌ ጨመረላቸውና እውነቱን አልደበቃቸውም፦ «የጎደለውን እንተካለን አባቴ፤ እንዲህ ያለ ጉድለት ጭንቅላትን ያደክማል። ግን ጭጋጉ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እጥበቱም እንዳያመልጥዎት። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም።»

ከዚያ በኋላ ኪኒኑን ድርቤ ያዘችው። የእጥበት ቀን ከነቀምቴ ተመልሰው ከሚኒባስ ሲወርዱ እንጂ ከዚያ በፊት ብትለመንም አትሰጥም። «አባ ሜቲ፣ ማሽኑ ራቡን ይቻለው» ትላለች። እሳቸውም አልተቀመጡም፤ አጥር ሲያጥሩ፣ ቡና ሲለቅሙ፣ አባቶቻቸውን እየጠሩ ነው። መጀመሪያ አምስተኛው ላይ ይሰናከላሉ፤ ይናደዱና እንደገና ከራሳቸው ይጀምራሉ። ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ የአምስተኛው አባት ስም ሳይጠራ መጣ፤ የስድስተኛውም ተከተለው። ሳሙናው በፊታቸው ላይ እንዳለ «ድርቤ!» ብለው ጮኹ። ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች ወጣች።

ቀኑ ደረሰ። የኡኬ ሽማግሌዎች ገቡ፤ መሪያቸው የገመቺስ አጎት ኦቦ ሞረዳ ነበሩ። አበጋዝ አጎቱን በዓይኑ ጠየቀ። ኦቦ ጨመዳ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እኔ ጨመዳ፤ የቶሌራ ልጅ ነኝ። ቶሌራ የዲንቃ፣ ዲንቃ የጉተማ፣ ጉተማ የነገዎ...»

ጥር ላይ የቆሙት እዚህ ነበር። ሜቲ ከጓዳ አጮለቀች።

«ነገዎ የሆርዶፋ፣ ሆርዶፋ የጃለታ!»

አበጋዝ ጭኑን በጥፊ መታ። ተራው የኦቦ ሞረዳ ሆነና ፈጥነው ጀመሩ፤ ስድስት ቤት ቆጥረው ግን ሰባተኛው ላይ አፋቸው ክፍት ቀረ። ግንባራቸውን አሹ። አብረዋቸው የመጡት ተያዩ።

«በወዳጃችን በወልደ አማኑኤል ሠርግ ላይ አባትህ ሲቆጥሩ ሰምቻለሁ» አሉ ኦቦ ጨመዳ በቀስታ። «በዳዳ አይደለም?»

«በዳዳ! ዱጋ፣ እውነት ነው፣ በዳዳ!» ኦቦ ሞረዳ እየሳቁ አቀፏቸው። «ታመመ፣ ጭንቅላቱ ደከመ ያላችሁኝ ይኼን ሰውዬ ነው? እኔንም እዚያ ማሽን ላይ ስቀሉኝ!»

«ዋቃ አያምጣብህ! እንደሱማ አትበል» አሉ ኦቦ ጨመዳ፤ ሳቃቸውን ግን መዋጥ አልቻሉም።

ሁለቱ ሐረጎች የትም አልተገናኙም። የጓዳው እልልታ መንገድ ድረስ ተሰማ፤ ሜቲ ወጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሡ ኦቦ ሞረዳ በር ላይ ዞር አሉ። «የገመቺስ ታናሽም ነጆ ድረስ ሄዶ ሴት አይቷል። መጥተህ ቆጠራውን ትሰማልናለህ?»

«ሰኞና ሐሙስ ነቀምቴ ነኝ» አሉ ኦቦ ጨመዳ ደረታቸውን ነፍተው። «በተረፈ የፈለጋችሁት ቀን ጥሩኝ።»