የልጄ ስልክ ቤት የቀረበት ሰኞ

ልጄ መምህርት ናት። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ የምትኖረው ግን አሁንም ከእኔ ጋር ነው። እኔ ራሴ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለዚህ በሥራዋ አልገባም። ስትዘገይ በር ላይ ቆሜ መጠበቅ ነው የእኔ ድርሻ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጎረቤቴ ስልኳን አቀበለችኝ። "ልጅሽ እኮ አሳቀችን" አለችኝ። ልጄ የክፍሏን ልጆች ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቃለች። "ፀሐይ ማታ የት ትሄዳለች?" ብላ ትጠይቃለች። አንዲት ቀጭን ልጅ ትነሳና "አባይ በረሃ ወርዳ ታድራለች" ትላለች። ክፍሉ ይስቃል፤ የልጄ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። እኔ ያየሁት ልጅቷን ነው። አንገቷን ደፍታ አንድ ክንዷን ከጀርባዋ ደበቀች።

ቤት ስገባ ልጄ ተክዛ ተቀምጣለች። ልጅቷ ከሐሙስ ጀምሮ ትምህርት ቤት እንዳልመጣች ነገረችኝ።

"ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ፣ እማ። አሁን ይቅርታ ጽፌ ልለቅ ነው።"

"አባቷ ቲክቶክ አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ ከእሱ በቀር አገሩ ሁሉ ሊያነበው ነው? ቤታቸው እንሂድ፤ ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ በይ።"

"የተማሪዬ ቤት ድንጋይ ተሸክሜ? ነገ በምን ፊቴ ነው የማስተምረው?"

"እሷስ በምን ፊቷ ትማር?"

ነጠላዋን አንስታ ተከተለችኝ። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንገቷ ላይ እንዳይከብዳት ብዬ ከወንዙ ዳር ትንሽ ለስላሳ አነሳሁላት።

አባትየው ደጃፉ ላይ ቆሞ አየን። "ይቺ ድንጋይ ዶሮ የሚያባርሩባት አይደለችም እንዴ?" አለ። ሚስቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ልጄ እንዳጎነበሰች ቀረች፤ አስቀምጪ ሳይባል ድንጋይ አይወርድም። አባትየው ግን ወደ ልጁ ዞረ።

"የተከፋሽው አንቺ ነሽ። አስቀምጪ በያት፤ ወይም ተያት።"

ልጅቷ ከምሰሶው ጀርባ ወጣች። "ስለ ፀሐይዋ አይደለም፣ ቲቸር። የሹራቤ ክርን ተቀዶ ነበር። ሰው ሁሉ አየው።"

"እኔ እንኳን አላየሁትም" አለች ልጄ። "እያየሁሽ አላየሁሽም። ይቅር በይኝ።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። "ስልኩ ነገ ይመጣል?"

"አይመጣም። ቤት ይውላል፣ እማ ጋ።"

"እንግዲያው ያስቀምጡት።"

ልጄ ድንጋዩን አስቀመጠች። እንባዬ መጣ። እናትየዋ ትከሻዬን ይዛ "አብሽሪ እቴ፣ የልጅ ነገር ነው" አለችኝ፤ ጠላም ቀዳችልን።

ሰኞ ስልኩ መደብ ላይ ዋለ። በጮኸ ቁጥር ከሥራዬ እየዘለልኩ፣ ሳላነሳው አመሸሁ። ልጄ ስትመጣ ገና በሩን ሳታልፍ "መጣች?" አልኳት።

"መጣች። ክርኑ ተጥፏል።"

"ተናገረች? ጠየቅሻት?"

"ጠየቅኋት። መለሰች።"

"ምን ብላ?"

ልጄ እጇን እየታጠበች ፈገግ አለች። "አልነግርሽም፣ እማ። የክፍላችን ነው።"