ጉሮሮ የማይቆርጠው መላጫ

«አንች ሰው የመግደል ልብ ያለሽ ትመስያለሽ፤ እንግዲያው የምትላጪኝ አንች ነሽ» አለኝ።

ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ አገጩን በግራ እጁ እያሻሸ ነው እንዲህ ያለኝ። አቡ ሰይፍ ይሉታል። የመን ባሕር ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ዘግቶ የያዘን ደላላ ነው። ስሙ የዐረብ ይሁን እንጂ አማርኛው የእኛው ነው፣ ያውም የወሎ። እንዴት እጁ ላይ እንደወደቅኩ ልንገራችሁ።

ከመርሳ የወጣሁት በገበያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ነው። ሌላው ተደብቆ ይሄዳል፤ እኔ መደበቅ አልወድም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጬ ነበር። እናቴ ሽንኩርት እየለየች ሳለ «እማ፣ ልሄድ ነው» አልኳት። ቀና አላለችም። «ሀያት፣ ሂጂ አልልሽም፤ ቅሪም አልልሽም። ስልኬን በቃልሽ ያዥው» አለችኝ። ያዝኩት። እስከ ወልድያ በሚኒባስ፣ ከወልድያ ወደ አፋር በጭነት መኪና ሸራ ሥር ሄድኩ።

ሙናን ያገኘኋት እዚያ ሸራ ሥር ነው። የቆቦ ልጅ ናት፤ አክስቷ ጋ ያደገች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ቀጭን ልጅ። እናቴ አታውቃትም፣ የእሷም አክስት እኔን አታውቀኝም። አክስቷ ስልክ የላትም፤ ቢኖራትም የምትልከው የላትም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ሁሉም ነገር የተበላሸው ከዚህ ነው።

እኛ የመርሳና የዙሪያዋ፣ የሀብሩ ሰዎች ሙቀት እናውቃለን ባዮች ነን አይደል? የግራና ቆላ፣ የማንጎ ጥላ ሥር የሚያስተኛው ሙቀት፣ እሱ ሙቀት አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ከጅቡቲ በረሃ በኋላ እሱን ሙቀት የሚል ሰው አፉን እይዘዋለሁ። ከጅቡቲ ወደ የመን ባሻገረን ጀልባ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ ውሃ ለመነ። ጀልባ ነጂዎቹ ተቀመጥ አሉት፤ አልሰማም፤ ሁለት ሆነው እንደ ጆንያ ወደ ባሕሩ ጣሉት። ከዚያ ወዲያ ማንም ውሃ አልለመነም። ወደ ባሕሩ ዳር ስንቃረብም ጀልባው እስኪጠጋ አልጠበቁም፤ በዱላ እየነዱ አራገፉን። እኔ ዋና አላውቅም። ያየሁት አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ አንድ እጅ ፀጉሬን ጨብጦ ጎተተኝ። ሙና ነበረች። አሸዋው ላይ ጥላኝ «ደግሞ ስትከብጂ!» ብላ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ገና ሳንደርቅ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በፒክአፕ ጭነው ግቢው ውስጥ ከተቱን። እዚያ ሥራው አንድ ነው፦ ስልክ ይሰጡሃል፣ እየደወልክ ሳለ በጎማ ይገርፉሃል፣ ቤተሰብህ ጩኸትህን ሰምቶ ገንዘብ ይልካል። የሚደወልለት የሌለው ሰው ደግሞ ለሌላው ማስፈራሪያ ይሆናል። ሙና የሚደወልለት አልነበራትም። በሁለተኛው ቀን አንዱ ዘበኛ በመሣሪያው ሰደፍ አናቷን ፈነከታት፤ እግሯንም በብረት መታት። ቁስሉ ከፀጉሯ ጋር ተጣብቆ ዝንብ ወረሰው። መቆም አቃታት። እኔ በሕይወት የተረፍኩት በእሷ እጅ ነው፤ እሷ የምትተርፍ ከሆነ ደግሞ በእኔ ካልሆነ በማንም አልነበረም።

አቡ ሰይፍ ከትንሽ ካርቶን ያወጣው ነገር ያብረቀርቃል።

«ይኸን ታውቂዋለሽ?»

«ምላጭ አውቃለሁ።»

«ምላጭማ ማን ያላወቀ! መያዣውን ነው የምልሽ።»

የማይዝግ ብረት ነው፤ እጀታው ወፍራም፣ ራሱ እንደ ትንሽ ጣሪያ የጎበጠ። እጀታውን ሲያዞሩት ጣሪያው ይፈታል፤ በሁለት ወገን ስለት ያለው ምላጭ መሐል ይገባል፤ መልሰው ሲያጠብቁት ስለቱ በሁለቱም ጎን ትንሽ ጠርዙን ብቻ ያሳያል።

«ከወዲያ ያለው ግቢ ጌታ ጉሮሮው በምላጭ ታርዶ ነው የሞተ» አለኝ። «ሲላጭ። ያረደው እንደናንተ ያለ ተዘግቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ይኸኛው ግን አፉ የታሰረ ውሻ ነው፤ ይልሳል እንጂ አይነክስም። ብለውኛል እንግዲህ። አንች ትሞክሪልኛለሽ።»

«ራስህ አትላጭም?»

ሌሎቹ አንቱ ነው የሚሉት። እኔ ዕድሜው ከታላቅ ወንድሜ ስለማይበልጥ አንተ አልኩት። በጥፊ አለኝ፤ ከዚያ ቀኝ እጁን አሳየኝ። ጥይት የበላው እጅ ነው፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። «መጀመሪያ በእሷ ሞክሪው» ብሎ ወደ ሙና ጠቆመኝ።

እኛ አገር ሴት የልጅ ራስ የምትላጨው ባዶውን ምላጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ነው። ራሱን በሳሙና ታሸዋለች፣ ምላጩን አጋድማ ትጫነዋለች፣ ትስበዋለች። እኔም የወንድሞቼን ራስ እንደዚያ ስላጭ ነው ያደግኩት። እና ያንኑ ብረት ይዤ የሙና አናት ላይ ተጫንኩት። ደም ብልጭ አለ።

«ሀዩ፣ አንች!» አለች ጥርሷን ነክሳ። «አትጫኚው። ብረቱ ራሱ ከባድ ነው፤ እሱ ይሂድ፣ አንች ያዥው ብቻ።»

እውነቷን ነበር። እጄን አላላሁት፣ ትንሽ አዘነበልኩት፣ በራሱ ክብደት ወረደ። ክርር፣ ክርር እያለ ፀጉሯ ከነደሙ ተነሳ። በየጊዜው እያለቀለቅኩ ቁስሉን ዞርኩት፤ የፈላበትን ትል በሳሙና ውሃ አጠብኩላት። ሙና የተላጨ አናቷን ዳሰሰች።

«ወንድ መስዬያቸው የወንድ ደመወዝ ይከፍሉኝ ይሆን እንዴ?»

«አፍሽን ዝጊ» አልኳት፤ ሳቄ መጣ፤ ዘበኛው ጎማውን አነሳ፤ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

ቀጥሎ የእሱ ተራ ሆነ። በርሚል ላይ ተቀምጦ ራሱን ወደ ኋላ ጣለ። ጉንጩን ጨርሼ ጉሮሮው ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ።

«በይ ተጫኚው።»

«ምን?»

«ግደይኝ እያልኩሽ ነው! ካልሞከርሽው በምን አውቃለሁ?»

ተጫንኩት። ወላሂ ከልቤ ነው የተጫንኩት። የሙና አናት፣ ባሕር ላይ የተጣለው ሰው፣ ሁሉም እጄ ላይ መጡና ብረቱን ወደ ጎን ሳብኩት። ሦስት ቀጫጭን የደም መስመር ወጣ፤ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። እሱ ደሙን በጣቱ ነክቶ እያየ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ተነሳ። «አልሐምዱሊላህ! ያወጣሁበትን ገንዘብ አወጣልኝ!» ከዚያ ወደ ዘበኞቹ ዞሮ «ልትገድለኝ ሞክራለች፤ ግረፏት» አላቸው። የገረፉኝ እያሳቃቸው ነው።

አሁን ጅዳ ነኝ፤ ከስድስት የሐበሻ ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል። አከራዩ ሽማግሌ ግብፃዊ ነው፤ በየሳምንቱ በር ይደበድባል። «ሰባት ናችሁ፣ ውሃው ግን የአሥራ አራት ሰው ነው!» ይላል። «ሙቀትህን ቀንስልን፣ ውሃህን እንቀንሳለን» እለዋለሁ፤ ይረግመኝና ይሄዳል። እዚህ ማንጎ ይሸጣል፤ ሽታ የለውም፤ ቅቤ እንደተቀባ ሳሙና ነው። በሰፈራችን ሽንኩርት መሸጫ አጠገብ ባለው ሱቅ ደግሞ እንደዚያው ያለ መላጫ ከጥርስ ብሩሽ ጎን ተሰቅሏል፤ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ሻጩ «እህት፣ ለባልሽ ውሰጂ፤ ሕፃን እንኳ አይቆርጥም» አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አላልፍም።

ወደ ግቢው ልመለስ። አቡ ሰይፍ ላብ ከፂሙ ጋር ሲገናኝ ስለሚያሳክከው በየጁምዓው ጠዋት እላጨው ነበር። እጄ ለመደ። ጥፊውም ለመደ። በሦስተኛው ጁምዓ ሳሙናውን እየቀባሁት ሳለ ጠየቀኝ፦

«መርሳ አልሽኝ አይደል? የማን ልጅ ነሽ?»

«የሰይድ። ሽንኩርት ነጋዴው።»

«ሰይድ… ከገበያው በስተግርጌ ያለው? ጉድ! ስንት ጊዜ አህያውን ነድቻለሁ!» አለ። ፊቱ ተፈታ። አገሩን ሲያነሳ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

እኔም ሳላስበው፣ አገር ቤት ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አልኩት።

ደላላ የአባቱን ስም አይናገርም። አሥር ዓመት በዐረብ ስም የኖረ ሰው ነው። ግን የሀብሩን ሰው የማን ልጅ ነህ ብለኸው ዝም ሲል አይተህ ታውቃለህ? ዓይኑን እንደጨፈነ «የዘሀራ ነኛ፣ የውርጌሳዋ። ብርቱካን የምትሸጠዋ። አሊ ነው ስሜ» አለ። «መስጊዱ ፊት ለፊት ቆርቆሮ ቤት ሠራሁላት። መኪና ዕቃ ሱቅ አለው ብላ ነው የምታወራልኝ።» ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ምን እንዳወጣ የገባው ይመስለኛል፤ ፊቱን ሳልጨርስለት ተነስቶ በእርግጫ ጎኔን መታኝና ሄደ።

የዚያኑ ዕለት፣ እሱ ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ፣ የመደወል ተራዬ ደረሰ። የቀረው ዘበኛ የመናዊ ነው፤ አማርኛ አይሰማም፤ የሚጠብቀው ጩኸት ብቻ ነው። እናቴ ስልኩን አነሳች። ጎማው ጀርባዬ ላይ አረፈ። እኔም ለቅሶ እንደደረሰች ሴት ሙሾዬን አወረድኩት፦

«እማዬ ወይኔ፣ የያዘኝ ያገር ልጅ ነው ወይኔ! የውርጌሳዋ፣ የብርቱካን ሻጯ፣ የዘሀራ ልጅ አሊ ነው ወይኔ! ደጇ ላይ ተቀመጭ፣ ውሃዋን አትጠጭ፣ ወይኔ ልጅሽ!»

እናቴም በለቅሶ ዜማ መለሰችልኝ፦

«ቤቷ የት ነው ልጄ፣ የት ብዬ ልሂድ ወይኔ?»

«መስጊዱ ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ወይኔ!»

ዘበኛው በጩኸቱ ረክቶ ስልኩን ነጠቀኝ። ቁጭ አልኩ። ጀርባዬ ይነድዳል፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሙና ጋ ተሳብኩና ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የእኔን ስም ነገርሻት?»

አልነገርኳትም። ትዝ አላለኝም። ስልክ ዳግመኛ አልሰጡኝም።

በአራተኛው ጁምዓ ግማሽ ፊቱን ላጭቼ፣ ግማሹ ላይ ሳሙናው እንዳለ፣ የአቡ ሰይፍ ስልክ ጮኸ። ያ የማይታጠፍ እጁ ጭኑ ላይ ነው፤ በግራው ድምፁን ወደ ውጪ ከፍቶ መለሰ።

«አሊ!» የሴት ድምፅ ነው። «የሰይድ ሚስት ከነሽማግሌዎቿ ደጄ ላይ ከተቀመጠች አምስት ቀኗ። ውሃዬን አልጠጣም አለችኝ። አንተ ሰው ትገርፋለህ ወይ?»

«ኧረ እማ፣ በአላህ! ማን ነው እንዲህ…»

«ወላሂ በል።»

ሳሙናው ከጉንጩ ተንጠባጠበ።

«ወላሂ በል እኮ ነው የምልህ! አትልም። እንግዲያው ስማኝ፤ ሀያት የሰይድ ልጅ ወጣሁ ብላ እስካልደወለች ድረስ እኔም እህል አልቀምስም። ብሞት ደግሞ የረገምኩህ እንደሆንኩ ነው የምሞተው።»

«ሙናም አለች!» ብዬ ጮህኩ። «እትዬ ዘሀራ፣ ሙና የምትባል…»

በስልኩ አፌን መታኝ። ሁለት ጥርሴ ተነቀለ። እናቱ ግን ቀድማ ዘግታው ነበር።

«ጨርሺ» አለኝ ወደ ፊቱ እያሳየ።

ደሜን ተፍቼ ጨረስኩለት። አልቆረጥኩትም። ፊቱን በፎጣ ጠርጎ ስልኩን ሰጠኝ። ለእናቴ ደወልኩ፤ «እማ፣ ወጣሁ» አልኳት፤ ሌላ ሳልል ወሰደብኝ። አንድ ውሃ በላስቲክ ሰጠኝና ወደ በሩ ጠቆመኝ።

«ሙናስ?»

«እናቴ የጠራችው አንድ ስም ነው።»

«እኔ እቀራለሁ። ሀያት እሷ ናት በልና ልቀቃት። እናትህ ፊቴን አታውቀው!»

አሰበበት። ወላሂ አሰበበት። ከዚያ ሳቀ። «በእግሯ በሩን ከወጣች ሀያት እሷ ትሁን። አንች ግን እንዳትነኪያት።»

ሙና ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። አንድ እርምጃ ሄደች። በሁለተኛው ወደቀች። እንደገና ተነሳች፤ ጉልበቷ ከዳት፤ በእጇ ዳኸች። «በእግሯ ብያለሁ» አለ አሊ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ከዚያ አሸዋው ላይ በጎኗ ተኛች።

«ሀዩ» አለችኝ፤ «ሂጂ። ሁለታችን እዚህ ቁጭ ብለን ምን እንሠራለን?»

ዘበኛው የቆርቆሮውን በር ከፈተ። ውሃውን እጇ ሥር አስቀመጥኩላትና ወጣሁ።