ፋሲካ የሸሸችው ምርመራ

ፋሲካ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ከዓለም ባንክ ሰፈር ተነስታ በአየር ጤና አድርጋ ወደ መሃል ከተማ ትወርዳለች። ራስ ምታቱ ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። ግማሽ ራሷን እየወቀረ ያስመልሳታል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላታል። ሐኪም ቤት ግን ሄዳ አታውቅም። ታላቅ እህቷ ሰርኬ "ራሴን" እያለች ቆይታ ነው በጭንቅላት ዕጢ የሞተችው። ፋሲካም ያንኑ እንዳይነግሯት ፈርታ፣ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዛች በየቀኑ ትውጥ ነበር። የሰርኬን ልጅ ራዕይን የምታሳድገውም እሷ ናት።

አንድ ጠዋት እንቅልፍ ሳይወስዳት አንግታ፣ ቁርስም ሳትቀምስ ወጣች። አየር ጤና ልትደርስ ስትል የሚብለጨለጭ የተሰባበረ መስመር ዓይኗ ላይ መጣባት። እየሰፋ ሄዶ የመንገዱን ቀኝ ጋረደባት። አውቶቡሱን እንደምንም ዳር አስይዛ ሞተሩን አጠፋች።

"ሾፌሯ፣ ረፈደብን እኮ!" ብሎ አንዱ ጮኸ።

"አይታየኝም" አለች። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ውረዱ።"

ተሳፋሪዎቹ ተራ በተራ ወረዱ።

ቤት ስትገባ ከራዕይ መደበቅ አልቻለችም።

"እቴቴ" አለቻት ልጅቷ፣ "እማዬም ሲያማት ዝም ትል ነበር። አንቺን ግን ዝም ብዬ አላይሽም።"

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ሳትቸኩል ጠየቀቻት፤ ዓይኗን፣ እጅ እግሯን፣ አረማመዷን አየች። ስለ ሰርኬ ስትሰማ የጭንቅላት ምስል እንዲነሳላት አዘዘች። ውጤቱ ንጹህ ነበር።

"ማይግሬን የሚባለው ራስ ምታት ነው" አለቻት። "ያ ብልጭታም የእሱ ምልክት ነው። በየቀኑ የሚውጡት ማስታገሻ ደግሞ ራስ ምታቱን እያባሰብዎት ነው።"

ፋሲካ መደሰት ሲገባት ለእህቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ራዕይም አብራት አለቀሰች።

ማስታገሻው ሕመሙ ሲጀምር ብቻ፣ ያውም አልፎ አልፎ እንዲሆን ተነገራት። በየማታው የምትወስደው መከላከያ ታዘዘላት፤ ምግብና እንቅልፍ በሰዓቱ እንዲሆን፣ እስኪሻላትም መሪ እንዳትይዝ ተመከረች። የለመደችውን ማስታገሻ ስለቀነሰች የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የከፉ ነበሩ። ወራቱን ስምሪት ክፍል ተቀምጣ፣ ሌሎች ሲነዱ እያየች አሳለፈች።

አሁን ወደ መሪዋ ተመልሳለች። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ግን በየሳምንቱ መምጣቱ ቀርቷል። በመጣ ቀን ለአለቃዋ ትናገራለች እንጂ አውቶቡስ ላይ አትወጣም።

"መጣ?" ትላታለች ራዕይ።

"መጣ።"

ልጅቷ መጋረጃውን ትዘጋና አጠገቧ ትቀመጣለች።