ለእህቴ ልጅ መርዶ ልነግር የሄድኩበት ጠዋት

ይህ የሆነው ካቻምና ኅዳር ውስጥ ነው። ያን ጊዜ መቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ከዚያ ጠዋት ግን አንዲትም አልጠፋችኝም። ስናገረው አንዳንዱ ያምነኛል፤ አንዳንዱ «ሐዘን ነው እንዲህ የሚያሳይህ» ይለኛል። ስለዚህ ሳልጨምር፣ እንዳየሁት ልጻፈው።

እህቴ ዘነበች ትባላለች። ትባል ነበር ማለት ይገባኛል፤ እስካሁን አልለመድኩትም። የተወለድነው ኡካ ነው። አባትና እናታችን በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታበባ ነበር የምላት። በኋላ ሁሩሙ የቡና መጋዘን ውስጥ ቡና የሚመዝኑ ጋሼ ፈይሳ የሚባሉ ሰው አገቧትና አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ደሚቱ ትባላለች። እኔ መቱ ቤት ተከራይቼ እየተማርኩ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር።

ደሚቱ ሦስት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። አንዱ «ምላሷ ታስሯል» አለ፤ ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። ጸበል ተጠመቀች። ከምላሷ ሥር በምላጭ ይነካ ያሉም ነበሩ፤ እህቴ እምቢ አለች። በዚህ መሐል መቱ የውጭ አገር ሐኪም መጥቷል ተባለና ይዛት መጣች። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ሐኪሙ ደሚቱን እናቷ ጭን ላይ አስቀምጦ ከኋላዋ ቆመና የብረት ሳህን በማንኪያ መታ። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች ሁሉ ደነገጡ። ደሚቱ የእናቷን ቁልፍ መነካካቷን አላቆመችም። እንደገና መታ። ከዚያ ተናገረ። ቃሉ ገብቶኝ ነበር፤ ግን «ይድገሙልኝ» አልኩት። ደገመው። አሁንም አስደገምኩት።

እህቴ ገባት። «ተናገር እንጂ አንተ፣ ምን ያንተባትብሃል?» አለችኝ።

«ምላሷ ደህና ነው። ጆሮዋ ነው። ስትወለድ ጀምሮ አይሰማም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ስጮህባት ኖሬያለሁ በለኛ! መድኃኒት አለው ወይ በለው።»

«የለውም ይላል።»

«እሺ። ሌላስ ምን ይላል?»

«በዓይኗ ትማራለች፣ በእጃችሁ አነጋግሯት ይላል።»

«እጅማ አለን» አለችና ልጅቱን አቅፋ ተነሣች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ በእጅ ማውራት ጀመሩ። ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ራሳቸው ናቸው የፈጠሩት። እህቴ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ስለነበራት ጣትን ቅንድብ ላይ ማድረግ እናት ማለት ሆነ። ሁለት እጅን እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ማድረግ አባት ማለት ሆነ። በየቀኑ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ጎረቤታቸው አዴ ጫልቱ በአጥር ላይ አሻግረው እያዩ ይስቁባቸው ነበር። «ዛሬም ዝንብ ስታባርሩ ዋላችሁ?» ይሏታል። እህቴም «ምን ላድርግ አዴ፣ የእርስዎ ላም የምትልክብን ዝንብ ነው» ብላ ትመልሳለች።

እኔ አልተማርኩም። ይህን መናገር ያሳፍረኛል። ከረሜላ ይዤ እሄዳለሁ፣ ልጅቱ ትበላለች፣ እኔና እህቴ በአፋችን እናወራለን፣ እመለሳለሁ። ብላ፣ ና፣ ውኃ፣ እናት፣ አባት፤ የማውቀው ይኸው ነበር። የቀረው የእናትና ልጅ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ደሚቱ ስድስት ዓመት ሲሆናት እህቴ ሆዷን ታመመች። እየባሰባት ሲሄድ ጅማ ትታከም ተባለ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ከጋሼ ፈይሳ ጋር በቡና ጭነት መኪና ሄደች። ሹፌሩ ጎን ስትወጣ እየሳቀች ነበር። «ስምንት ቀን ነው፤ ቤቴን እንዳታፈርሱ» አለችን።

በአሥረኛው ቀን ማለዳ ገና ሳልታጠብ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት የአገራችን የኡካ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመዋል። አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁ። መንገዱ ከደዴሳ ወዲህ ጭቃ ስለነበር አስከሬኗን ማምጣት አልተቻለም፤ እዚያው ጅማ ተቀብራለች።

ሁሩሙ ስደርስ ዳስ ተጥሏል። ደሚቱ ግን የለችም። ለቅሶውን እንዳታይ ገጠር ጋሼ ፈይሳ እህት ዘንድ ልከዋታል። «ለእሷ ምን ይነገራታል? እንደማትሰማ ታውቃላችሁ። እንደዚሁ ትርሳው» ተባለ። እኔም እሺ አልኩ። የሚሰማ ልጅ ቢሆን «እናትህ ጸበል ሄዳለች» ይባላል። ለእሷ ይህም አልተባለም። ሐዘኑ ሲያበቃ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ያን ቤት እህቴ ሳትኖርበት ማየት ስላቃተኝ ሦስት ቅዳሜ ቀረሁ።

በአራተኛው ሳምንት ጋሼ ፈይሳ ሰው ላኩብኝ። ደሚቱ ከገጠር ከተመለሰች ጀምሮ ጠዋት ተነሥታ መኪና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ እስኪመሽ አትነሣም። ጎትተው ሲያስገቧት ትናከሳለች። የቡና መኪና የሚበዛበት ወቅት ነው፤ አንድ ቀን መገጨቷ አይቀርም። «እናቷን እየጠበቀች ነው። ከአሁን ወዲያ መደበቅ አይሆንም። እኔ ሞክሬ አቃተኝ። የሥጋዋ ዘመድ አንተ ነህና ና አንተ ንገራት» የሚል ነበር መልእክቱ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በጠዋት ተነሣሁ። መንገዱን ሁሉ እጄን እያወዛወዝኩ ሄድኩ። ያገኘኝ ሰው እብድ ሳይለኝ አልቀረም። አማርኛ እችላለሁ፣ ኦሮምኛ እችላለሁ፣ እንግሊዝኛም ተምሬያለሁ፤ ሞት የሚለውን ለአንዲት ሕፃን የምነግርበት ቃል ግን በአንዱም አልነበረኝም። ተኝታለች ብላት ትነሣለች ብላ ትጠብቃለች። አፈር ብላትስ ምን ይገባታል?

ሁሩሙ ልገባ ስል ከሩቅ አየኋት። ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ብድግ አለች፤ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን አቀፈችው። ከዚያ እጄን ይዛ ማንም ሳይጎትታት ወደ ቤት አስገባችኝ። ጋሼ ፈይሳ ተገረሙ። አዴ ጫልቱም «ለአንተ ተነሣችልህ! ከረሜላዋን አትርሳ» አሉ። እኔም ለከረሜላው መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ወጉ እንደሚያዘው ተደረገ። የሰፈሩ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ደሚቱ አስቀድማ የተቀቀለ ጎደሬ በማር በላች፤ መርዶ ባዶ ሆድ አይነገርም ብለው ነው። አንደኛው ሽማግሌ ከልማድ የተነሣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በርቺ እንግዲህ ልጄ!» አሏትና ወዲያው አፍረው አቀረቀሩ። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

ፊቷ ተንበረከኩ። ጣቴን ቅንድቤ ላይ አደረግሁ። እናት። ደሚቱ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጉንጬን መዳፌ ላይ አስተኛሁ።

ራሷን ነቀነቀች። አይደለም ማለቷ ነው። እንደገና አደረግሁት፤ እንደገና ነቀነቀች። አልገባትም ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ እጄን አነሣሁ። እሷ ግን እጄን ያዘች። ጣቴን ወስዳ ቅንድቤ ላይ አደረገችው። ከዚያ ያንኑ እጄን ዘረጋችና መዳፌን ወደ ላይ አደረገችው። ቀስ አድርጋም ወደ መሬት ገለበጠችው።

አዴ ጫልቱ «ያ ዋቅ!» ብለው ፈጣሪን ጮኸው ጠሩ።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«ሞተች ነው! የእኔ ውሻ የሞተ ጊዜ እህትህ እንዲህ አድርጋ ነው የነገረቻት። ሞተች እያለችህ ነው!»

ደሚቱ ገና አልጨረሰችም። ሁለት ጣቶቿን እንደ እግር እያራመደች ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ አወጣቻቸው። ከዚያ መዳፏን ደረቷ ላይ ለጠፈች። በመጨረሻ በበሩ በኩል መንገዱን አመለከተች። እኔ ባየሁት ምልክት መካከል ይህ አልነበረም። ዞር ብዬ አዴ ጫልቱን አየሁ።

«እሱማ አንተ ነህ» አሉኝ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «በእግሩ የሚመጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልትመጣ ስትል እናቷ እንዲህ ትላት ነበር።»

እኔ ስም እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ጋሼ ፈይሳ ከተቀመጡበት ተነሡ። እህቴን ይዘው የሄዱበት መኪና የወጣው ከመቱ በተቃራኒ፣ በያዮና በበደሌ በኩል ነው። ልጅቱ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቷን ያዞረችው በመቱ በኩል ነበር። በየቀኑ ጎትተው ሲያስገቧት አይተዋል፤ ወደ የት እንደምታይ ግን ልብ አላሉትም። «እናቷን አይደለም የጠበቀችው፤ መጥቶ እስኪወስዳት አጎቷን ነው» አሉ።

አዴ ጫልቱ ደረታቸውን እየደቁ የሆነውን ተናገሩ። እህቴ ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ እናትና ልጅ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። እናትየው አንድ ዓይነት ነገር በእጇ ደጋግማ ታደርጋለች፤ ልጅቱ ትደግማለች። ስትሳሳት ታርማታለች፤ ስታስተካክል እጇን ትስማለች። «እኔም እየሳቅሁ ዛሬስ ዝንቡ በዛ አልኳት። እሷም ሳቀችልኝ። ለካስ…» ብለው አልጨረሱትም።

ደሚቱ ሁላችንንም በተራ አየችን። ሁሉም እያለቀሰ ነበር። ያን ጊዜ ከውስጧ ድምፅ ወጣ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ እንኳ ጆሯቸውን ያዙ። ጭኔ ላይ ወጣችና አብራን አለቀሰች። ስናለቅስ ያየችን ያን ቀን ነው፤ እሷም ያለቀሰችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ጠዋት በኋላ ተመልሳ መንገድ ዳር አልተቀመጠችም።

አንዳንድ ሰው የአባቷን ጥቁር ልብስና የተላጨ ራስ አይታ ራሷ አውቃው ይሆናል ይለኛል። ይሆናል። እኔ ግን ከአባቷ ልብስ ላይ አጎትሽ መጥቶ ይወስድሻል የሚል ነገር እንዴት ታነባለች እላለሁ። እህቴ ለሁላችንም ስምንት ቀን ብላ ስቃ ስትሄድ እውነቱን የነገረችው ለአንዲት ሕፃን ብቻ ነው። «ምናልባት» የሚለውን በእጅ እንዴት እንደሚሉት አላውቅም። «ምናልባት» ሳትል ይሆናል የነገረቻት።

አሁን ትምህርቴን ጨርሼ መቱ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬያለሁ። ደሚቱም ከእኔ ጋር ናት፤ አባቷ በየገበያው ቀን እየመጡ ያዩዋታል። እጄ አሁንም ኮልታፋ ነው፤ ስሳሳት ትስቅብኛለች። አዲስ አበባ መስማት ለማይችሉ ልጆች ትምህርት ቤት አለ ሲሉ ሰምቼ ጽፌያለሁ፤ መልሱን እጠብቃለሁ። አንዳንድ ጊዜ ዘወር ብዬ ሳያት ገርሞኝ ሥራዬን እተዋለሁ። ያን ያህል ነገር፣ ያን ያህል ጊዜ፣ በዚያች ትንሽ ደረት ውስጥ እንዴት ተቀመጠ?

መጀመሪያ ላይ እህቴን ተቀይሜያት ነበር። ለእኔ ለወንድሟ ለምን አልነገረችኝም እያልኩ። አንድ ነገር ግን እዚህ ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ቅዳሜ እሷ ዘንድ ነበርኩ። ልሸኝህ ብላ እስከ መንገዱ ወጣችና «ስማ፣ እኔ ባልመለስ እንኳ…» ብላ ጀምራ ነበር። «ተይ እታበባ፣ ሟርት አታውሪ» ብዬ አቋረጥኳት። ነጠላዬን አስተካክላልኝ ተመለሰች።

ያን ቀን ባላቋርጣት ኖሮ ምን ልትለኝ እንደነበር የማውቀው ከልጇ እጅ ብቻ ነው።