የጋረደ ያስረዳል

ከልጆች ጋር ተቀምጣችሁ ፊልም ስታዩ፣ አንድ ትልቅ ሰው ድንገት ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገትሮባችሁ ያውቃል? ወይም ሪሞቱን ፈልጎ ሲያጣ በጋቢው ጫፍ መስታወቱን ሊሸፍን ሲራወጥ አይታችኋል? እኔ ያደግኩት ወልድያ ነው። ቤታችን ውስጥ ይህ ሥራ የአባቴ ነበር። መምህር ሆኜ መርሳ ስመደብ ደግሞ ሥራው በትምህርት ቤታችን ውስጥ ባለቤትም መሣሪያም እንዳለው አወቅኩ። መሣሪያው ካርቶን ነበር።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ትምህርት ቤታችን አንድ ፕሮጀክተር አለው። ቅዳሜ ጠዋት መብራት ከኖረ የአንዱን ክፍል መስኮቶች በማዳበሪያ ከረጢት እንሸፍናለን፤ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረን ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ፊልም እናሳያለን። ፕሮጀክተሩን የሚይዘው የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ነው። ቀድሞ መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ልምዱንም ይዞት መጥቷል። ከሳሙና ካርቶን የቆረጣት አንዲት ቁራጭ ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ ትቀመጣለች። ፊልሙ ውስጥ ወንድና ሴት ከተቀራረቡ ወይም የአንዲት ሴት ትከሻ ከታየ ካርቶኗ ሌንሱ ፊት ትቆማለች። አንሶላው ይጨልማል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ከኋላ የተቀመጡት ልጆችም የጎደለውን በራሳቸው ይሞሉታል። የሚሞሉበት ነገር ፊልሙ ውስጥ ካለው እጅግ የባሰ ነው። ሳቁ በረድ ሲል ካርቶኗ ትወርዳለች። ሰኞ ዕለት ፊልሙ ስለምን ነበር ብዬ ስጠይቃቸው የሚያስታውሱት ጨለማውን ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። አንድ ቅዳሜ የታየው ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተኩስ ነበር። ሰው በመኪና ተገጭቶ ይሞታል፣ ሰው ከፎቅ ይወረወራል፣ አንዱማ አንገቱ ላይ ቢላ ገባበት። ዓይኔን ከካርቶኗ ላይ አልነቀልኩም። ካርቶኗ ከሠራተኛው ጉልበት ላይ ንቅንቅ አላለችም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ተኩሱ በጀመረ ቁጥር ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍን ነበር። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። በዚህ አካባቢ ያለፉትን ዓመታት የኖረ ሰው ያ ልጅ ጆሮውን ለምን እንደሚደፍን ያውቃል።

የባህል ክበቡን የምመራው እኔ ነኝ። እስክስታ እንለማመዳለን፤ ከጎረቤት አካባቢዎችም የተማርናቸው ጭፈራዎች አሉ። ከልጆቹ ሁሉ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ትለያለች። ከበሮው ገና ሳይመታ ትከሻዋ ያውቀዋል። መስመሩን የምትመራው እሷ ናት፤ ከተሳሳተች ሌሎቹ ሁሉ ተከትለዋት ይሳሳታሉ። አባቷ ከመርሳ ወጣ ብሎ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። ልጁን ክበቡ ውስጥ እንድትገባ የፈቀደልኝ ደጁ ድረስ ሄጄ ከለመንኩት በኋላ ነው።

ለክበቡ ልጆች ብዬ አንድ የዳንስ ፊልም አገኘሁ። የሩቅ አገር ፊልም ነው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች የምታሳድጋት አንዲት ልጅ ሰፈሯ ውስጥ ከሚጨፍሩ ወጣቶች ጋር ተቀላቅላ ስትለማመድ፣ ስትወድቅ፣ ስትነሳ፣ በመጨረሻም ውድድር ገብታ ስትሸነፍ ያሳያል። መሸነፏን ወደድኩት። ሁለቱንም የጾም ወቅት ተመልክቼ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጾም ያልሆነ ቅዳሜ መረጥኩ። ከዚያ ግን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ሳየው አንድ ባልደረባዬ ከጀርባዬ አለፈ። ያየው አንዲት ጠባብ ሱሪ የለበሰች ልጅ እግሯን ወደ ላይ ስትሰቅል ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መምህርቷ ለልጆች እርቃን ልታሳይ ነው የሚለው ወሬ ገበያ ገባ።

በማግስቱ የሽንኩርቱ ገበሬ ትምህርት ቤት መጣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«መምህርት፣ ልጄን የሰጠሁሽ ለእስክስታ ነው። ይሄ ፊልም ከታየ ከክበቡ ትወጣለች።»

ይህን ብሎ አልሄደም፤ የወላጅ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ልጅቷ በክፍሏ መስኮት በኩል ታየው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰብን፤ አባትየውና የንብረት ክፍሉ ሠራተኛም ነበሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በእህል ንግድ የሚተዳደሩ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት ሙስሊም ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ፊልሙ ቢቀር ይሻላል አለ። ሰብሳቢው ግን ሰው ማስታረቅ ልማዳቸው ነውና መሃል መንገድ ፈለጉ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ምን ያስጨንቅሻል፤ ካርቶኑ አለ አይደል» አሉኝ።

አልፈልግም አልኩ። ወይ ሙሉውን ይታይ፣ ወይ ጨርሶ አይታይ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። እኔም እንዴት እንደመዘንኩት አንድ በአንድ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ማስረዳት ከጀመርኩ ማንም አያስቆመኝም። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት፣ ምስሉ ብቻውን ምን እንደሚል ለማወቅ። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ አዳመጥኩት፣ ንግግሩ ለልጅ ጆሮ ይሆን እንደሆነ። ቀጥሎ ካሜራውን ተከታተልኩት። አንዲት ልጅ ስትጨፍር ካሜራው ፊቷንና መላ አካሏን ካሳየን፣ ስለ ጭፈራዋ እየነገረን ነው። ፊቷን ትቶ ገላዋን እየቆራረጠ ካሳየን ግን ሊሸጣት ነው። ልብሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቢደርስም እንኳ ያኔ ለልጆች አላሳይም። ይህ ፊልም ፊቷን ያሳያል፤ ላብ ያጠለቀው፣ አንዳንዴም የሚያለቅስ ፊት።

«ልብሷስ?» አለ አባትየው።

ልብሷ የእኛ አገር ልብስ እንዳልሆነ አልክድም አልኩት። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ፤ ሌላ አገር መኖሩን ማወቃቸው አይጎዳቸውም። ከዚያም ወደ ሰብሳቢው ዞሬ፣ ሰርግ ላይ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ትከሻ ለትከሻ ሲፎካከሩ ልጆች በእግራችን መሃል ተሹለክልከው እንደሚያዩ፣ ያን ጊዜም ማንም ዓይናቸውን እንደማይሸፍን አነሳሁ። ሳቅ አሉ። እሳቸው ራሳቸው በሰርግ ጭፈራ ስማቸው የታወቀ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነበር። «ያለፈው ፊልም ላይ ሰውዬው አንገቱን ሲታረድ ካርቶኑ የት ነበር?»

«እሱማ ተኩስ ብቻ ነው፤ ነውር የለበትም» አለ።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ያለውም ሁላችንም የምናስበውን ነው። ቢሆንም ጆሮውን ስለሚደፍነው ልጅ ነገርኳቸው። ለልጆቻችን የማይሆነውን ለመምረጥ የተሰበሰብን ሰዎች፣ እነዚያ ልጆች አልጋ ስር ተኝተው የሰሙትን ማንም አስቀድሞ እንዳልመረጠላቸው እያንዳንዳችን እናውቅ ነበር። ሰብሳቢው መቁጠሪያቸውን ጥቂት ካንከባለሉ በኋላ ፊልሙ ይታይ አሉ። ግን ወላጅ የፈለገ ከልጁ ጎን ይቀመጥ፤ ካርቶኑንም እሳቸው ራሳቸው ይይዙታል።

ካርቶኑን ከሳቸው እንደማልቀማ ስለገባኝ አንድ ሕግ ብቻ ጨመርኩ። የጋረደ ሰው ያስረዳል። ፊልሙ ቆሞለት፣ ልጆቹ ፊት ተነስቶ ምን እንደጋረደና ለምን እንደጋረደ ይናገራል። ርዕሰ መምህሩ ሊከራከር ሲል ሰብሳቢው «ምን ችግር አለው» ብለው ተስማሙ። አባትየው ግን አልተስማማም፣ አልተቃወመምም። መጥቶ እንደሚያይ፣ ከዚያም ልጁ በክበቡ ትቆይ ወይም ትውጣ በሩ ላይ እንደሚነግረኝ ብቻ ተናገረ።

ቅዳሜ መጣ፤ መብራትም ነበረ። አባትየው ለትናንሽ ልጆች በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ከልጁ ጎን ተቀመጠ። ሰብሳቢው ፕሮጀክተሩ አጠገብ ካርቶኗን ይዘዋል። ሕጉን ለልጆቹ ነገርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ከፊልሙ ይልቅ ሕጉን ወደዱት። ዓይናቸው ግማሹ አንሶላው ላይ፣ ግማሹ የሰብሳቢው እጅ ላይ ነበር።

ጠባብ ሱሪው ሲመጣ አባትየው አንገቱን ደፋ። መሬቱን ካየ በኋላ ወደ ልጁ ዞረ። እሷ ስለ ሱሪው ያሰበች አትመስልም። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ምቱን እየተከተሉ ይመቱ ነበር። አባቷ ጣቶቿን ለረጅም ጊዜ ሲያይ አየሁት።

ከዚያ አንዱ ወጣት ልጅቷን ወገቧን ይዞ ሊያነሳት የሚጠጋበት ቦታ ደረሰ። አንሶላው ጨለመ። ሠራተኛው እንደ ሕጉ ፊልሙን አቆመና መብራቱን አበራ። ልጆቹ በደስታ ተቁነጠነጡ።

ሰብሳቢው ተነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሚጢጢ ልጅ ፋታ አልሰጠቻቸውም።

«አባባ፣ ምን ሊያደርጋት ነው?»

«ሊያነሳት ነው።»

«ለምን ያነሳታል?»

«እንድትጨፍር ይሆናላ።»

«ታዲያ ለምን ጋረዱብን?»

ሰብሳቢው ወደ እኔ አዩ። እኔም በአክብሮት ወደ አንሶላው ዞርኩ። እንደገና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ወላሂ እኔስ የሚጥላት መስሎኝ ነው» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሠራተኛው ያመለጠውን መልሶ አሳየን። አልጣላትም። ሰብሳቢው ወንበሩ አቧራ ነበረበትና ካርቶኗን ከስራቸው አንጥፈው ተቀመጡባት፤ ፊልሙ እስኪያልቅም አልተነሱም።

ፊልሙ ሲያበቃ ትልልቆቹ ዝም እንዲሉ ለመንኩና ልጆቹን ምን አያችሁ አልኳቸው። አንዱ ልጅቷ ሁልጊዜ ቁርስ ሳትበላ ነው የምትወጣው አለ። ሌላው እናትየዋ ያጠበችው ልብስ መንገድ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንዳሳዘነው ተናገረ። አንዲቷ በአንድ እግር ስትሽከረከር ለምን እንደማይዞርባት ጠየቀች። ሱሪውን የጠቀሰው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ስትወድቅ እንዳይቀደድባት ፈርቶ ነበር። የገበሬው ልጅ መጨረሻ ላይ እጇን አወጣች።

«ከማንሳቱ በፊት ልያዝሽ ወይ ብሎ ጠይቋታል» አለች። «እሺ ስትለው ነው የያዛት። አንድ ጊዜ እምቢ አለችው፣ ተወ።»

እውነት ለመናገር እኔ ያን ያህል ደጋግሜ ሳየው ይህን ልብ አላልኩትም ነበር። አባትየውም ወደ ልጁ ዞር ብሎ አያት። የሌሎች ወላጆች ፊት ላይ አለመስማማት ነበረ፤ አንዷ እናት ልጇን ይዛ ሳትሰናበተኝ ወጣች።

አባትየውን በሩ ላይ ጠበቅኩት። ልጅቷ ከኋላው ቆማለች፤ ፊቴን ልታነብ ትሞክራለች።

«ልብሱን አልወደድኩትም፣ ይሄን እወቂልኝ» አለኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ሳይዞር ጨመረ፦ «ክበቡ ውስጥ ትቆይ። ግን ከእንግዲህ እኔ ሳላየው የሚታይ ነገር አይኖርም።»

«ከእሷ ጎን ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ካዩት እስማማለሁ» አልኩት። «ከበር ላይ ሆነው ከሆነ አይሆንም።»

ከሱ ጋር እንደዚያ መነጋገሬ ድፍረት ነው ያሉ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩም ጠርቶ ወጣት ስለሆንሽ ነው፣ ጊዜ ያበስልሻል አለኝ። ባልደረባዬ አሁንም ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚመልሰው። ይሁን። የልጆችን ዓይን መጠበቅ ሥራዬ መሆኑን አልክድም፤ ያላየሁትን ግን አልከለክልም፣ ያየሁትንም ምክንያቱን ሳልናገር አልከለክልም። ከዚያ ወዲህ ተኩስ የሞላበት ፊልም ሲመጣ እምቢ የምለው እኔ ነኝ። እምቢ ስልም ልጆቹ ፊት ቆሜ ምክንያቱን እናገራለሁ። ሁሌም አይረቱልኝም፤ ይከራከሩኛል፣ አንዳንዴም ያሸንፉኛል። አባትየው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ልምምዱ ላይም ይቀመጣል፤ የግራ እግሯ ዘገየ፣ ከበሮው ፈጠነ እያለ ያርመናል።

እናንተም ሞክሩት። አንድ የዳንስ ፊልም ምረጡ፣ ልጃችሁን አስቀምጡ፣ አብራችሁ እስከ መጨረሻው እዩ። መጋረድ ካማራችሁ ጋርዱ፣ ግን ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ በቀጥታ ንገሩት፤ ምክንያቱ አፋችሁ ላይ ካልመጣ እጃችሁን መልሱ። ሲያልቅ የራሳችሁን ፍርድ ቶሎ አትናገሩ። ምን አየህ፣ ምን አየሽ ብላችሁ ጠይቁና እስኪጨርስ አዳምጡ።