ረጅሙ ምርቃት

«ዱዓው ሳይዘጋ ልጄ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለ አባቴ።

«አባባ፣ እግሩ ዱዓው እስኪዘጋ አይጠብቅም» አለ ጤና መኮንኑ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ወዳጃ፣ ለጋራ ጸሎት፣ የተቀመጡት ሰዎች ከግድግዳው ወዲያ ናቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

ጤና መኮንኑ «አይደለሁም» አለ። «እርግጠኛ እስክሆን ብጠብቅ ግን የሚተርፍ እግር አይኖርም።»

ይህን የድሮ ክርክር ዛሬ የቀሰቀሰብኝ የያኔው በሽተኛ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነው። ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ምሳ ላይ ለልጆቼ ታሪኩን በራሱ መንገድ ሲያወራላቸው ሰማሁት። እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው።

ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም ነበር። ስንለምነው የከረምነው ዝናብ በመጨረሻ መጥቶ መንገዱን አጨቅይቶታል። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ጎረምሳ ነበርኩ፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከመንዙማውም ከሬዲዮውም ቃል እየለቀምኩ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ሰይድ ደግሞ ለረሃቡ የመጣውን የእርዳታ እህል ከመኪና ያራግፍ ነበር። ጆንያው ትከሻውን ሲፍቀው ብጉንጅ ወጣበት። ጎረቤት አፈረጠለትና ተረሳ።

ወገቡን ማመም ሲጀምረው ሁላችንም ሸክሙ ነው አልን። ወጌሻ ተጠራ። ቅቤ ከየት ይምጣ፤ በእርዳታ ዘይት አሸው። ትኩሳት ሲጨመርበት ወባ ነው ተባለ። ሕመሙ ከጀርባው ተነስቶ ጎኑን እንደ መቀነት ዞረው። አንድ ጠዋት ሊነሳ ሲል እግሮቹ እምቢ አሉት፤ ሽንቱም አልወርድ አለ። «የሰው እግር የተሸከምኩ መሰለኝ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እናታችን እንዳትሰማ።

አባቴ የቀረንን አንድ በግ አርዶ ወዳጃ ጠራ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ። ማን ለዱዓው፣ ማን ለሾርባው እንደመጣ ከዓይናቸው ያስታውቅ ነበር፤ ግማሾቹ ዱዓውን የሚመሩትን ሸህ ያያሉ፣ ግማሾቹ ማድ ቤቱን። ማንንም አልታዘብኩም፤ እኔም ማድ ቤቱን አይ ነበር። ከዚያ ግን መቀመጥ አቃተኝና ወደ ክሊኒኩ ሮጬ ጤና መኮንኑን ይዤ መጣሁ።

ጤና መኮንኑ ሰይድን እግሩን እንዲያነሳ አዘዘው። ቀኙ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ግራው ጭራሽ። ጀርባውን ከአንገቱ ጀምሮ አጥንት በአጥንት በአውራ ጣቱ እየተጫነ ወረደ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ሰይድ ጮኸ። ትከሻው ላይ ያለችውን ጠባሳ አይቶ ምን እንደሆነች ጠየቀ። ከዚያ ለእኔና ለአባቴ አስረዳን፦ የብጉንጁ ተህዋሲ በደም ሄዶ አከርካሪው ውስጥ መግል ሳይቋጥር አልቀረም፤ መግሉ ሕብለ ሰረሰሩን እየጨመቀው ነው። ፔኒሲሊን ወጋው፤ ግን መርፌ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ደሴ ሄዶ በቀዶ ጥገና መከፈት እንዳለበት ነገረን። እህል ያራገፈ መኪና ባዶውን ወደ ደሴ ሊመለስ ሞተሩን አስነስቷል። ሌላው መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

አባቴ የጠራቸውን የተራቡ ሰዎች አስነስቶ መበተን ነውር ሆነበት። ክርክሩን የሰሙት ሸሁ ራሳቸው ገቡ። «አብሽር ሐሰን፣ አይዞህ፣ አሁኑኑ እንዘጋለን» አሉት አባቴን።

መዝጊያው ግን ምርቃት ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ አይቋረጥም፤ አንዱን መዝለል ደግሞ እንደ እርግማን ይቆጠራል። ሽማግሌዎቹ ከላይ ጀምሮ በየተራ መረቁ። «እግርህ የሠርግህን ዳስ ይርገጥ።» አሚን። «ጉልበትህን ለሶላት ያቁመው።» አሚን። ሌላ ቀን ቢሆን እያንዳንዷን ቃል እሸመድድ ነበር። ያን ቀን የመኪናው ጡሩንባ ከውጭ እየጮኸ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያማረ ቃል ረዘመብኝ። አንድ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ የት እንደደረሱ ረስተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጤና መኮንኑ በሩ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል፤ እሱም ግን አሚን ይላል።

በቃሬዛ ተሸክመን ስንሮጥ መኪናውን ከከተማው መውጫ ላይ ደረስንበት። ሰይድን ጭነን ስንሄድ፣ መንገድ ላይ፣ አቀስታ ከተማ ሳንደርስ መኪናውን ጭቃ ዋጠው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በየጊዜው የሰይድን ጣት እየቆነጠጥኩ «ይሰማሃል?» እለው ነበር። መጀመሪያ «አዎ» ይለኝ ነበር፤ በኋላ «የቱን?» ማለት ጀመረ።

ደሴ ሐኪሙ ጀርባውን ከፍቶ መግሉን አወጣ። ቀስ በቀስ ቀኝ እግሩ ተመለሰ። ግራው ግን ዛሬም ይጎተታል።

ዛሬ ልጆቹ ከማዕድ ሲነሱ፣ «ያ ምርቃት ባይረዝም ግራውም ይድን ነበር» አልኩት ሰይድን።

«ገጣሚ ነኝ ትላለህ፣ ቃል ይረዝምብሃል» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ከመረቁኝ ውስጥ ስንቱ አዲስ እህል ሳይቀምስ እንደሞተ ታውቃለህ። የሚሰጡኝ ሌላ ምን ነበራቸው? ከአፋቸው ልነጥቅ ነበር?»

እግሩን የወሰደው ምርቃቱ ይሁን፣ ጭቃው ይሁን፣ በዘይት ስናሸው የከረምንባቸው ቀናት ይሁኑ፣ የደሴው ሐኪምም አልነገረን። ይህን ሁሉ ዘመን ምርቃቱን የከሰስኩት ምናልባት ድምፅ ስለነበረው ነው። ጭቃውና ዘይቱ ዝም ብለው ነው የሠሩት።

አዛን ተሰማ። እስከ መስጊድ ባጃጅ ልጥራልህ ስለው እምቢ አለኝ። በመዳፉ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ፣ ግራ እግሩን አስከትሎ ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው።